ያልተከፈተው ፖስታ፦ አሜሪካ ውስጥ ሕክምና የሚያሳጡ ስህተቶች

አንዲት የማከብራቸው እናት የሚላክላቸውን ደብዳቤ ሁሉ በባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ያጠራቅማሉ። «ስትመጣ ታነበዋለህ፣ ልጄ» ይሉኛል። አንድ ቀን የስኳር መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ፋርማሲ ሲሄዱ ኢንሹራንሳቸው መቋረጡ ተነገራቸው። ቆርቆሮውን ስንገለብጠው የሜዲኬድ፣ ማለትም መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ ማደሻ ቅጹ ከሁለት የገበያ ማስታወቂያዎች መካከል ተጣብቆ ወጣ። መመለሻው ቀን ካለፈ አምስት ሳምንት ሆኖታል።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ፖስታ አለመክፈት። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ሰው ከሜዲኬድ እንዳይሰረዝ የሚከላከለው ድንጋጌ ማርች 2023 ላይ አበቃ። ከዚያ በኋላ ከ20 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ተሰረዙ። አብዛኞቹ የተሰረዙት ገቢያቸው አድጎ ሳይሆን ቅጽ ሳይመልሱ ወይም አዲስ አድራሻቸውን ሳያስታውቁ በመቅረታቸው ነው። ወረቀቱ ደግሞ ገና ይበዛል። ጁላይ 2025 የወጣው ሕግ በሜዲኬድ ማስፋፊያው (የገቢ ጣሪያው ከፍ ሲል) የገቡ አዋቂዎች ከ2027 ጀምሮ በየስድስት ወሩ እንዲያድሱ፣ ብዙዎቹም በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን እንዲያስረዱ ያዛል። ቤት ስትቀይሩ ለፖስታ ቤት መንገር አይበቃም፤ ለሜዲኬድ ቢሮው ራሱ ንገሩ።

«ተሰረዝኩ፣ በቃ» ብሎ መቀመጥም ስህተት ነው። ብዙዎች ከተሰረዙ በኋላ ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ቅጹን ቢመልሱ፣ አዲስ ማመልከቻ ሳይጠየቁ ጉዳያቸው እንደገና ይታያል። እኚያ እናት የተመለሱት በዚህ መንገድ ነው። እስከዚያው ግን አንዱን ክኒን ለሁለት እየሰበሩ ቆዩ፤ ይህን የነገሩኝ እየሳቁ ነው።

ያመመው ሁሉ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሮጣል። በ1986 የወጣው ሕግ መሠረት ድንገተኛ ክፍል ገንዘብ የለህም ብሎ ሳይመረምርና ሳያረጋጋ አይመልስም፤ ሂሳቡ ግን በኋላ ይደርሳል። ለደም ግፊትና ለሳል፣ ወረፋው ቢረዝምም፣ እንደ ገቢያችሁ የሚያስከፍሏችሁ በፌዴራል መንግሥት የሚደገፉ የማኅበረሰብ ጤና ማዕከላት አሉ።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ የሆስፒታል ሂሳብ በመጣ ማግስት በክሬዲት ካርድ መክፈል ነው። ዕዳ ማሳደር ነውር ሆኖብን ነው። አንድ ታክሲ የሚነዳ ወዳጄ የአንድ ሌሊት ሕክምናውን በሦስት ካርዶች ከፋፍሎ ከፈለ። ለትርፍ ያልተቋቋመ ሆስፒታል በጽሑፍ የተቀመጠ የገንዘብ እርዳታ ደንብ ሊኖረው ግድ መሆኑን፣ ከመጀመሪያው ሂሳብ በኋላም ለ240 ቀናት ማመልከት እንደሚቻል የነገረው አልነበረም። የካርዱ ወለድ ደግሞ የሆስፒታሉ ጉዳይ አይደለም። መጀመሪያ ዝርዝር ሂሳብ ጠይቁ፣ ቀጥሎ የእርዳታ ማመልከቻውን። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ለተያዘለት ቀጠሮ አስቀድሞ የዋጋ ግምት በጽሑፍ መቀበል ይችላል፤ ሂሳቡ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ የመከራከር መብት አለው።

ልጅን አስተርጓሚ አታድርጉ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ «ዕጢ» የሚለውን ቃል ለእናቱ ሲፈልግ አይቻለሁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ «አማርኛ» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ።

ከሥራ ስትወጡና የሥራ ቦታችሁ ኢንሹራንስ ሲቋረጥ ደግሞ መንግሥት ባቋቋመው የኢንሹራንስ ገበያ (Marketplace) ሌላ ለመግዛት ያላችሁ ጊዜ 60 ቀናት ነው። የሚቆጠረው ሽፋኑ ካበቃበት ዕለት ጀምሮ እንጂ ሥራ ፈልጋችሁ ከታከታችሁበት ዕለት አይደለም።