ለርካሽ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ የትኛውን ካሊበር ልምረጥ?

አሜሪካ ውስጥ ከ400 ዶላር ባነሰ ዋጋ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ (ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት የሚተኩስ) ማግኘት አያስቸግርም። ኪስ የሚያራቁተው ኋላ የሚመጣው ጥይት ነው። ስለዚህ ከጥይቱ ይጀምሩ። ካሊበር ማለት የጥይቱ ስፋት ነው፤ ነጥብ 22 ሲባል 0.22 ኢንች ገደማ ማለት ነው።

1. ሂሳቡን በወረቀት ይሥሩ። በወር 200 ጥይት ሊተኩሱ አስበዋል እንበል። ነጥብ 22 ሎንግ ራይፍል አንዷ 8 ሳንቲም ብትሆን በዓመት 192 ዶላር ይበቃዎታል። ነጥብ 223 አንዷ 45 ሳንቲም ከሆነች ግን 1,080 ዶላር ይወጣል። ልዩነቱ ሁለት ርካሽ ጠመንጃ ይገዛል። ዋጋው ስለሚዋዥቅ የሰሞኑን ጠይቀው ያስሉት።

2. ለምን እንደሚፈልጉት ይወስኑ። ኢላማ መምታት ለመማር ከሆነ ብዙ አያስቡ፤ ነጥብ 22 ይግዙ። ከ1964 ጀምሮ የሚመረተው ሩገር 10/22 ካዝናው 10 ጥይት ይይዛል፤ ሰደፉ ትከሻን አይመታም፤ ጀማሪ ከድንጋጤ የተነሳ ዓይኑን ጨፍኖ ቃታ የመሳብ ልማድ አያወጣም። 9 ሚሊሜትርም ለቅርብ ርቀት ጥሩ ነው፤ ያው የሽጉጥ ጥይት ስለሆነ፣ የጠመንጃ ጥይት የማይፈቅዱ የቤት ውስጥ መተኮሻዎችም ይቀበሉታል።

ለአጋዘን አደን ከሆነ ግን የግዛቱን ደንብ ያንብቡ። ቨርጂኒያ ከነጥብ 23 በታች አትፈቅድም፤ ነጥብ 223 ለጥቂት ይወድቃል ማለት ነው። ኮሎራዶ ደግሞ ቢያንስ ነጥብ 24 ትላለች።

3. ሕጉ ለእርስዎ ይፈቅድ እንደሆነ ያረጋግጡ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ የገባ ግን፣ እንደ አደን ፈቃድ ያለ ልዩ ሁኔታ ከሌለው፣ በፌዴራል ሕግ ጠመንጃም ጥይትም መያዝ አይችልም። ዋሽንግተን ግዛት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ እንዳይሸጥ ትከለክላለች፤ ነጥብ 22 ቢሆንም እንኳ። ሜሪላንድ በ2013፣ ዋሽንግተን በ2023 (በፈረንጆች) እንደ ኤአር 15 ያሉ ወታደራዊ መልክ ያላቸውን ብዙ ጠመንጃዎች መሸጥ ከልክለዋል።

4. ናፍቆት አይግዛልዎት። የእኛ ሰው ሱቅ ሲገባ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው በክላሽ ጥይት ላይ ነው፤ ከአገር ቤት የሚያውቀው እሱን ነዋ። ይኸው የክላሽ ጥይት፣ 7.62 በ39 (ሚሊሜትር)፣ ጠንካራ ነው፣ አልክድም፤ የቨርጂኒያንም የኮሎራዶንም የስፋት ገደብ ያልፋል። ርካሽ ያደረገው ግን ከሩሲያ የሚገባው ጥይት ነበር። አሜሪካ በ2021 አዲስ የማስገቢያ ፈቃድ መስጠት ስታቆም ያ ርካሽነት አብሮ ሄደ። ብረት ያለበትን ጥይት በማግኔት ፈትሸው የሚመልሱ የቤት ውስጥ መተኮሻዎችም ብዙ ናቸው።

5. አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውን ያንብቡ። 5.56 (ነጥብ 223ን የሚመስል ወታደራዊ ጥይት) የሚል ጠመንጃ ነጥብ 223 ጥይትንም ይተኩሳል። ነጥብ 223 ብቻ የሚል ከሆነ ግን 5.56 አያጉርሱት፤ ግፊቱ ከተሠራበት ልክ ያልፋል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ነጥብ 300 ብላክአውት የሚባለው ጥይት ነው። የነጥብ 223ን ካዝና ይጋራል፣ ተሳስተው በነጥብ 223 ጠመንጃ ካጎረሱት መዝጊያው ሊዘጋበት ይችላል፤ ቃታው ሲሳብ ግን ወፍራሙ እርሳስ በጠባቡ አፈሙዝ ስለማያልፍ ጠመንጃው እጅ ላይ ይፈነዳል። ሁለቱንም ካሊበር የሚይዝ ሰው ካዝናዎቹን በተለያየ ቀለም ፕላስተር ለይቶ ያስቀምጥ፣ ወደ መተኮሻም በአንድ ቀን አንዱን ብቻ ይዞ ይሂድ።