ከጦሳ ሥር ሬዲዮ መቃኘት፦ ለጀማሪ

የአምባሰልና የባቲ አገር ሰው መቃኘት ምን እንደሆነ አይነገረውም። ክራር ሲቃኝ ክሩ ይጠብቃል፣ ይላላል፤ ጆሮ የምትፈልገውን እስክታገኝ። ሬዲዮም እንዲሁ ነው። ስካነር የሚባለው መቀበያ ይህንኑ ሥራ በራሱ ይሠራል፤ ከሞገድ ወደ ሞገድ እየዘለለ ድምፅ ያለበት ላይ ይቆማል። ደሴ ወይም ወልድያ ሆኖ ለሚጀምር ሰው ግን በመጀመሪያ የሚያዋጣው አጭር ሞገድ ነው። ከ100 ሜጋ ኸርዝ በላይ ያሉት ሞገዶች ቀጥ ብለው ስለሚጓዙ ተራራ ይጋርዳቸዋል። አጭር ሞገድ ግን ከሰማይ ተመልሶ ይወርዳል፤ የደሴው ጦሳ ተራራ ቢቆምበትም ከሌላ አህጉር የተነሳ ድምፅ ግቢያችሁ ይገባል።

ግዢ ላይ ሳትደርሱ አንድ ነገር ለዩ። ለሕዝብ የሚተላለፍ ስርጭት ማዳመጥና የፖሊስ፣ የሠራዊት ወይም የግለሰብ ግንኙነት ማዳመጥ ፈጽሞ አይገናኙም፤ ሁለተኛውን ተዉት። የሬዲዮ ሞገድን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ ስካነር ከመግዛት ወይም ከማስመጣት በፊት እዚያ ጠይቁ። ንግግር ማስተላለፊያ ቁልፍ ያለው የእጅ ሬዲዮ ርካሽ ነው ብላችሁ በመቀበያ ፈንታ አትግዙ።

ለአጭር ሞገድ ቁጥር የሚያሳይ ዲጂታል ሬዲዮ ይሻላል። ቴክሰን ፒኤል-330 ጥሩ መነሻ ነው፤ የሚሠራበት ቢኤል-5ሲ ባትሪ በድሮ ኖኪያ ስልኮች ውስጥ የነበረው ስለሆነ ሲደክም ምትክ አይቸግርም።

ቀጥሎ አንቴና። 10 ሜትር ቀጭን ሽፋን ያለው የመዳብ ሽቦ ግዙ። አንዱን ጫፍ 3 ሳንቲሜትር ያህል ልጣችሁ በሬዲዮው ዘንግ አንቴና ላይ ጠምጥሙት። ሌላውን ጫፍ በመስኮት አውጥታችሁ ከባህር ዛፍ ወይም ከእንጨት ምሰሶ ጋር በሲባጎ እሰሩት። ሽቦው ራሱ ዛፉንም ሆነ የቆርቆሮውን ጣራ መንካት የለበትም። ቤት ውስጥ ብቻ ከዘረጋችሁት ቆርቆሮው ሞገዱን ስለሚያግድ ብዙም አይጠቅምም። ከመብራት ገመድ ሥርም ሆነ በላይ በፍጹም አታሳልፉት፤ ቢበጠስና ቢነካ ይገድላል። ክረምት ላይ ደመና ሲጠቁር ደግሞ ነጎድጓዱን ሳትጠብቁ ሽቦውን ከሬዲዮው ነቅላችሁ ወደ ውጭ አውጡት።

ሽቦ ሲረዝም ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ አይደለም። ትንሽ ሬዲዮ ጉልበት ሲበዛበት ጣቢያዎች ይደራረቡበታል። በርካሽ ባለመርፌ ሬዲዮ ላይ አንድ ኃይለኛ ጣቢያ ከእውነተኛ ቦታው 910 ኪሎ ኸርዝ ዝቅ ብሎ ዳግመኛ ይሰማል፤ አዲስ ጣቢያ ያገኛችሁ ይመስላችኋል። «ዲኤክስ» (ለሩቅ) እና «ሎካል» (ለቅርብ) የሚል ማብሪያ ካለው ወደ «ሎካል» አዙሩት። ከሌለው ሽቦውን ወደ 5 ሜትር አሳጥሩት።

አሁን ጩኸቱን አጥሩ። ሬዲዮው በባትሪ እየሠራ በባዶ ሞገድ ላይ አቁሙት፤ ከዚያ ቆጣሪው ላይ ያለውን ማጥፊያ አውርዱ። «ዝዝዝ» የሚለው ድምፅ ከቀነሰ ጥፋቱ የቤታችሁ ነው። መብራቱን መልሳችሁ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አብሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ወንጀለኛ ርካሽ የስልክ ቻርጀር ወይም ኤልኢዲ አምፖል ነው። ሰፈሩ በሙሉ መብራት የጠፋበት ምሽት ለዚህ ሥራ ከሁሉ የበለጠ ነው፤ አያምልጣችሁ።

ሰዓቱ ሞገዱን ይወስናል። ቀን ላይ 19 እና 25 ሜትር ባንድን (15100–15800 እና 11600–12100 ኪሎ ኸርዝ) ሞክሩ። ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ 31 ሜትር (9400–9900)፣ ሌሊት ደግሞ ወደ 49 ሜትር (5900–6200) ውረዱ። በቀትር 49 ሜትር ላይ የሩቅ ጣቢያ ፈልጎ «ሬዲዮው ተበላሽቷል» የሚል ጀማሪ ብዙ ነው። አውቶማቲክ ፍለጋው ጠንካራዎቹን ብቻ ስለሚይዝ አንድ ጊዜ አስኪዱትና ከዚያ በእጃችሁ በ5 ኪሎ ኸርዝ እርምጃ ተመለሱበት። ደካማው ጣቢያ የሚገኘው በሁለተኛው ዙር ነው። በእያንዳንዱ ላይ ቢያንስ 10 ሰከንድ ቆዩ፤ ድምፁ እየሰመጠ ስለሚመለስ።

የፕሮግራም ሰሌዳዎች የሚጻፉት ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፤ እዚህ ላይ የእኛ ሰዓት ያሳስታል። ለቀን ሰዓት (ከጠዋቱ 1 እስከ ማታ 12) 3 ደምሩ፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት 04:00 ዩቲሲ ነው። ለማታና ለሌሊት (ከምሽቱ 1 እስከ ንጋቱ 12) 15 ደምሩ፦ ከምሽቱ 1 ሰዓት 16:00 ይሆናል። ድምሩ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ቀንሱ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት 00:00 ነው።

ይህን ከለመዳችሁና ስካነር በአግባቡ ከያዛችሁ ጥሩ ኢላማ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ነው። ጠፈርተኞች ከተማሪዎች ጋር ሲነጋገሩ ድምፃቸው በ145.800 ሜጋ ኸርዝ በኤፍኤም ይወርዳል። አንቴናው 49 ሳንቲሜትር ቀጥ ያለ ዘንግ ይሁን። ጣቢያው ብቅ ብሎ እስኪጠልቅ ቢበዛ 10 ደቂቃ ያህል ነው፤ ተራራ ከጋረደው ደግሞ ያንሳል፤ ስለዚህ ከሰፈር ወጥታችሁ ሰማዩ ሰፊ የሆነበት ላይ ቁሙ። ሲመጣ ሞገዱ 3 ኪሎ ኸርዝ ያህል ከፍ ብሎ፣ ሲሄድ ያንኑ ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስኩዌልቹን (ባዶ ጩኸትን የሚዘጋውን ማስተካከያ) ጩኸቱ ልክ ሲቋረጥ አቁሙት፤ ከዚያ ካለፈ ደካማ ድምፅ ይዘጋባችኋል፣ ካነሰ ስካነሩ በባዶ ጩኸት ላይ ይተከላል። በአብዛኛው ማለፊያ ላይ ምንም አይሰማም፤ የንግግሩን ቀን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ ደብተር ያዙ፦ ቀን፣ ሰዓት በዩቲሲ፣ ሞገድ፣ ቋንቋ፣ ጥራት ከ1 እስከ 5። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሰማችሁትን፣ የዘፈን ተራና የአስተዋዋቂ ንግግርን ጨምራችሁ ለጣቢያው ብትልኩ አንዳንዶቹ ኪውኤስኤል የተባለውን የማረጋገጫ ካርድ ይመልሳሉ። «ደሴ፣ ወሎ፣ 10 ሜትር ሽቦ» ብላችሁ መጻፍ አትርሱ፤ ሞገዳቸው እስከየት እንደደረሰ የሚያውቁት በዚያ ነው።