ስፒከር በእጃችን ስንሠራ በሆርንና በድራይቨር ምርጫ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የእድር ጡሩንባ ቀስቅሷችሁ ያውቃል? ነፊው አንድ ሰው ነው። ትንፋሹ ከእኔና ከእናንተ ትንፋሽ አይበልጥም። ግን ሰፈሩን በሙሉ ያነቃዋል። ጡሩንባውን ተቀብላችሁት ከንፈሩን ብቻ ያርገብግብ ብትሉት በር ላይ የቆመ ሰው እንኳ አይሰማውም።

የሆርን ሥራ ይኸው ነው። ኮምፕሬሽን ድራይቨሩ ከንፈር ነው፣ ሆርኑ ጡሩንባ። ድራይቨሩ ውስጥ ያለው ስስ ዲያፍራም (የሚርገበገበው ሽፋን) አየሩን በጠባብ ቀዳዳ እየጨመቀ ያስወጣል። ሆርኑ ያንን የታመቀ ድምፅ ቀስ በቀስ እያሰፋ ለክፍሉ አየር ያስረክባል። ሁለቱ አንድ መሣሪያ ናቸው። እኛ ግን ለየብቻ እንገዛቸዋለን፤ ጣጣው የሚጀምረውም እዚያ ነው። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። አንዳንዶቹን ሁለት ጊዜ።

በዋት መግዛት

መጀመሪያ የምንጠይቀው ጥያቄ «ስንት ዋት ነው?» የሚል ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ትልቁን ቁጥር ይነግረናል። ለቤት ስፒከር ግን ይህ ቁጥር ከሁሉም ያነሰ ጥቅም ያለው ነው።

ደህና ኮምፕሬሽን ድራይቨር ጥሩ ሆርን ላይ ሲገጠም በ1 ዋት ብቻ፣ 1 ሜትር ርቀት ላይ፣ ከ107 እስከ 110 ዴሲቤል ይሰጣል። ይህ ጆሮ የሚያስይዝ ድምፅ ነው። ሳሎን ውስጥ 85 ዴሲቤል ላይ ሙዚቃ የምትሰሙ ከሆነ ድራይቨሩ የሚፈልገው ከ1 ዋት ጥቂት መቶኛዎች አይበልጥም። 600 ዋት የሚል ጽሑፍ ምን ይሠራላችኋል?

ይልቅ መጠየቅ ያለበት «እስከ ስንት ሄርዝ ድረስ ወደ ታች ይወርዳል?» ነው። (ሄርዝ የድምፁ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት ነው፤ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል፣ ሲበዛ ይቀጥናል።) መልሱ በዲያፍራሙ ስፋት ላይ ይመሠረታል። ኮይሉ (ዲያፍራሙን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል) 44 ሚሊሜትር የሆነ ባለ 1 ኢንች ድራይቨር አብዛኛውን ጊዜ ከ1,000 ወይም ከ1,200 ሄርዝ በላይ ይመቸዋል። 75 ወይም 100 ሚሊሜትር የሆኑት ወደ 700፣ ወደ 600 መውረድ ይችላሉ። እነሱ ደግሞ ላይኛው ጫፍ ላይ፣ ጸናጽል በሚንሿሿበት አካባቢ፣ ትንሹን ያህል ጥርት አይሉም። ሁለቱንም ጫፍ እኩል የሚይዝ እስካሁን አላገኘሁም።

ትንሽ ሆርን ገዝቶ ብዙ መጠበቅ

ከድራይቨሩ በፊት መመረጥ ያለበት ሆርኑ ነው። ሆርን ደግሞ በሜትር የሚለካ ነገር ነው፤ ማታለል አይችልም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ክብ ሆርን አንድን ፍሪኩዌንሲ በደንብ እንዲይዝ የአፉ ዙሪያ ቢያንስ የዚያን ድምፅ የሞገድ ርዝመት ያህል መሆን አለበት። ድምፅ በሰከንድ 344 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ለ500 ሄርዝ 344ን ለ500 ስታካፍሉ 69 ሴንቲሜትር ዙሪያ ይመጣል፤ አፉ 22 ሴንቲሜትር ስፋት ይኖረዋል ማለት ነው። ለ300 ሄርዝ ዙሪያው 115 ሴንቲሜትር፣ ስፋቱ ከ36 በላይ ይሆናል። (አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሒሳቡ ይለወጣል የሚሉ አሉ። አይለወጥም። የድምፅን ፍጥነት የሚቀይረው የአየሩ ሙቀት እንጂ ከፍታው አይደለም።)

ይህ ደግሞ የመጨረሻው ወሰን ነው። ወሰኑ ላይ ቆሞ የሚሠራ ሆርን ድምፁ የታፈነና «አፍንጫ አፍንጫ» የሚል ይሆናል። ሰዎች «የሆርን ድምፅ አልወድም» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሰሙት ይህንን ነው። ክሮስኦቨሩን (ወፍራሙን ድምፅ ለዉፈሩ፣ ቀጭኑን ለድራይቨሩ የሚከፋፍልበትን ነጥብ) ከወሰኑ ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ከፍ አድርጉት። ቦታ ካላችሁ እጥፍ ይሁን። ድሮ ለአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የተሠሩት የአልቴክ 511 እና 811 ሆርኖች ስማቸው ራሱ ይናገራል፤ አንደኛው ለ500፣ ሌላኛው ለ800 ሄርዝ የታሰቡ ናቸው። ሳሎን ውስጥ እነሱንም ትንሽ ከፍ አድርጎ መቁረጥ አይጎዳም።

የብረት ሆርን ካገኛችሁ በጣታችሁ አንጓ አንኳኩት። እንደ ደወል የሚጮህ ከሆነ ጀርባውን ሬንጅ ወይም ወፍራም የመኪና ድምፅ መከላከያ ልጣፍ አልብሱት።

የጣሪያ ላይ ጡሩንባ ለሙዚቃ ማዋል

ይህኛው የእኛው አገር ስህተት ነው። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ላይ የሚሰቀለው፣ በመኪና ጣሪያ ላይ ሆኖ ማስታወቂያ የሚናገረው ጡሩንባ ርካሽና በየቦታው የሚገኝ ስለሆነ ያጓጓል። ብዙዎቻችን ድምፅ የሚያጎላውን ሁሉ ሞንታርቦ ብለን ስለምንጠራ (ሞንታርቦ እንኳን የአንድ የጣሊያን ፋብሪካ ስም ነው) ሁሉም አንድ ይመስለናል። ያ ጡሩንባ ግን ውስጡ ታጥፎ የተሠራ ነው። ድምፁ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ተመልሶ ነው የሚወጣው። ለንግግር ጥሩ ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ ግን በእጥፋቱ ላይ ይቀራል። ብዙዎቹም የ100 ቮልት መስመር ትራንስፎርመር አብሯቸው አለ። ለቤት ማጫወቻ አይሆኑም፤ በዚህ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

ጉሮሮው ሳይገጥም በግድ ማገናኘት

የድራይቨሮች ድምፅ የሚወጣበት ቀዳዳ፣ ማለትም ከሆርኑ ጉሮሮ ጋር የሚገጥመው፣ 1፣ 1.4 ወይም 2 ኢንች ነው። ባለ 1 ኢንቹ ሦስት ዓይነት አገጣጠም አለው። አንደኛው እንደ ብሎን ተጠምዝዞ የሚገባ ነው። ሁለተኛው በ76 ሚሊሜትር ክብ ላይ በሁለት ብሎን፣ ሦስተኛው በ57 ሚሊሜትር ክብ ላይ በሦስት ብሎን ይታሰራል። ባለ 1.4 ኢንቹ ብዙውን ጊዜ በ102 ሚሊሜትር ክብ ላይ አራት ብሎን አለው። ሳትለኩ አትግዙ። «ኢንች ኢንች ነው» ብዬ ገዝቼ ቤት ስደርስ ብሎኖቹ አልገናኝ ያሉኝ ቀን ትዝ ይለኛል።

ብሎኑ ግን ትንሹ ችግር ነው። ትልቁ መጋጠሚያው ላይ ያለው ደረጃ ነው። ድራይቨሩን ሆርኑ ላይ ካሰራችሁ በኋላ ጣታችሁን በሆርኑ አፍ አስገብታችሁ መጋጠሚያውን ዳብሱት። ጣታችሁ ከተደናቀፈ ድምፁም ይደናቀፋል፤ ወደ ኋላ ይመለስና ከሚመጣው ጋር ይጋጫል። ትንሽ ደረጃ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። ባለ 2 ኢንች ድራይቨር ባለ 1 ኢንች ሆርን ላይ ማጥበቢያ አድርጎ መግጠም ግን በሞረድ የሚድን በሽታ አይደለም። ተቃራኒው፣ ማለትም ትንሽ ድራይቨር በትልቅ ሆርን ላይ፣ ቀስ ብሎ በሚሰፋ አዳፕተር ይቻላል። አዳፕተሩ የሆርኑ አካል እንደሚሆን ብቻ አትርሱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለ 2 ኢንች ቀዳዳ 5 ሴንቲሜትር ነው። ወደ 7,000 ሄርዝ አካባቢ የሞገዱ ርዝመትም 5 ሴንቲሜትር ይሆናል። ከዚያ በላይ የሆርኑ ግድግዳ ድምፁን መምራት ያቅተዋል፤ ድምፁ እንደ ባትሪ መብራት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ለትንሽ ክፍል ባለ 1 ኢንቹን የምመርጠው ለዚህ ነው።

ዘመናዊ ሆርን ያለ ማስተካከያ ማጫወት

ብዙ ደህና ድራይቨር በስህተት «ሞቷል» ተብሎ የሚጣለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይ።

ማንኛውም ኮምፕሬሽን ድራይቨር ከ3,000 እስከ 4,000 ሄርዝ አካባቢ ካለፈ በኋላ ጉልበቱ ይቀንሳል። ዲያፍራሙ ክብደት አለው፤ በፍጥነት መመላለስ ይከብደዋል። ፍሪኩዌንሲው እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ያጣል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው።

የድሮዎቹ ሆርኖች ይህንን ይደብቁት ነበር። እንዴት ብትሉ፣ ድምፁ እየቀጠነ በሄደ ቁጥር እነሱም እየጠበቡ ያሰባስቡታል። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ምንም ጉድለት አይሰማውም። ሁለት ሜትር ወደ ጎን የተቀመጠው ግን ጸናጽሉ የት እንደገባ አያውቅም። በ1970ዎቹ ዶን ኪል የተባለ መሐንዲስ ኤሌክትሮ ቮይስ ውስጥ ሆኖ ድምፁን ለሁሉም ወንበር እኩል የሚያዳርስ ሆርን ሠራ። ዛሬ የምንገዛቸው አብዛኞቹ ሆርኖች የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው። ጉልበቱን ለሁሉም እኩል ሲያካፍሉት ግን ፊት ለፊት የነበረው ትርፍ ይጠፋል። ከ3,500 እስከ 14,000 ሄርዝ ድረስ 12 ዴሲቤል ይወርዳል።

ታዲያ ሰውየው አዲስ ሆርን ገዝቶ ያገናኛል፤ ድምፁ ጨለማ ይሆንበታል። ድራይቨሩን ይቀይራል፤ ያው ነው። ላዩ ላይ ቱዊተር (የቀጭን ድምፅ ትንሽ ስፒከር) ይጨምራል፤ ይባስ ይደበላለቃል። መፍትሔው ማስተካከያ ነው። በዲኤስፒ (ድምፁን በዲጂታል በሚያስተካክል መሣሪያ) ከሆነ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። በካፓሲተርና በሬዚስተር ከሆነም የሚያስደስት መንገድ አለ፤ ከሚቀጥለው ጋር ስለሚያያዝ እዚያው እነግራችኋለሁ።

ጩኸቱን ከዉፈሩ ጋር አለማመጣጠን

ዉፈራችሁ 95 ዴሲቤል፣ ድራይቨራችሁ 107 ነው እንበል። ልዩነቱ 12 ዴሲቤል ነው። ድራይቨሩን መቀነስ ግድ ነው። ለባለ 8 ኦም ድራይቨር 6 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ፣ 2.7 ኦም ሬዚስተር ደግሞ ከድራይቨሩ ጎን ለጎን ብትገጥሙ በትክክል 12 ዴሲቤል ይቀንሳል። አምፑም ያው 8 ኦም ነው የሚያየው።

አሁን የቅድሙን አስታውሱ። ላይኛው ጫፍ 12 ዴሲቤል ጎድሎት ነበር። እኛ ደግሞ በሬዚስተር 12 ዴሲቤል እየጣልን ነው። በ6 ኦሙ ሬዚስተር ላይ ትንሽ ካፓሲተር፣ ጥቂት ማይክሮፋራድ የሆነ፣ ጎን ለጎን ብትደርቡበት ቀጭኑ ድምፅ በካፓሲተሩ አቋርጦ ሳይቀነስ ያልፋል። ልንጥለው የነበረው ጉልበት የጎደለውን ይሞላል። መጀመሪያ ሲገባኝ ብቻዬን የሳቅሁት ለዚህ ነው። ልኩን ከ4 ወይም ከ5 ማይክሮፋራድ ጀምራችሁ፣ በማይክሮፎን እየለካችሁ አግኙት።

ለድራይቨሩ የተለየ አምፕ የምትጠቀሙም ብትሆኑ ሬዚስተሩን አትናቁት። 107 ዴሲቤል ድራይቨር የአምፑን «ሽሽሽ» ጭምር ያጎላል።

ያለ ጥበቃ ማገናኘት

ሆርን ከወሰኑ በላይ ዲያፍራሙን በአየር ክብደት ይይዘዋል። ከወሰኑ በታች ይለቀዋል። ያኔ ዲያፍራሙ እንደ ልቡ ይወራጫል። ከፊቱ ያለው ብረት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር አይርቅም። አንድ ካፓሲተር ብቻ አድርጎ «በቃ ተቆርጧል» ማለት ለቱዊተር ይሠራ ይሆናል፤ እዚህ አይበቃም። ቢያንስ በኦክታቭ (ፍሪኩዌንሲው በእጥፍ በተለወጠ ቁጥር) 12 ዴሲቤል የሚቆርጥ፣ ቢቻል 24 የሚቆርጥ ክሮስኦቨር ይሁን።

በዲኤስፒና በሁለት አምፕ ስትሠሩ ደግሞ ከድራይቨሩ ጋር በተከታታይ 47 ማይክሮፋራድ የሚሆን ካፓሲተር አስቀምጡ። በ8 ኦም ወደ 420 ሄርዝ ላይ መቁረጥ ይጀምራል፤ ክሮስኦቨራችሁ 1,200 ከሆነ ብዙም አይነካችሁም። እኔ አላስቀመጥኩም ነበር። አንድ ቅዳሜ ማታ፣ እንግዶች ቁጭ ብለው፣ የባሱን ገመድ ከድራይቨሩ አቀያይሬ ሰካሁት። አንድ «ጧ!» ሰማን። ከዚያ ዝም። ምትክ ዲያፍራም ከአንድ ሱቅ ገዛሁ፤ ስሙ ኦሪጅናል፣ ዋጋውም ኦሪጅናል። ከግራው ጋር ሲለካ ግን በ6 ዴሲቤል ያነሰ ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ዲያፍራም ስቀይር ሁለቱንም ጎን አብሬ እቀይራለሁ።

ዉፈሩን መርሳት

ባለ 15 ኢንች ዉፈር 1,000 ሄርዝ አካባቢ ሲደርስ ድምፁን ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ያጠብበዋል። 90 ዲግሪ የሚከፍት ሆርን ከእሱ ጋር እዚያ አካባቢ ብታገናኙት ሁለቱ እንደ አንድ ይሰማሉ። 2,500 ላይ ብታገናኙት ዉፈሩ ጠቦ፣ ሆርኑ ሰፍቶ፣ ከመሃል ወንበር ውጪ ያለው ሰው የዘፋኙ ድምፅ መሃል ላይ ይጎድልበታል። ስለዚህ ትልቅ ዉፈር ትልቅ ሆርን ይጠይቃል። ከኮምፔንሳቶው በፊት አስቡበት።

ርቀትም አለ። ሆርኑ 25 ሴንቲሜትር ጥልቀት ካለው የእሱ ድምፅ ከዉፈሩ በ0.7 ሚሊሰከንድ ይዘገያል። በዲኤስፒ ዉፈሩን አዘግዩት። ካልሆነ ሆርኑን በሳጥኑ ላይ ነጻ አስቀምጣችሁ ወደ ፊት ግፉት። የድሮ ጄቢኤል ድራይቨር ካላችሁ ደግሞ ቀዩ ገመድ ከዛሬው በተቃራኒ እንደሚሠራ እወቁ። ሽቦውን አገላብጣችሁ ሁለቱንም ስሙ።

ያገለገለን ሳይፈትሹ መግዛት

ምናለሽ ተራ ወይም ሌላ ቦታ ያገለገለ ድራይቨር ስታዩ ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ። ባለ 8 ኦሙ ወደ 6 ኦም ያሳያል። ምንም ካላሳየ ኮይሉ ተበጥሷል፤ ዋጋው የማግኔቱ ብቻ ነው። ካሳየም አትቸኩሉ። ካፓሲተር አስራችሁ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ከስልካችሁ ላይ ከ1,000 ሄርዝ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚወጣ ድምፅ አጫውቱ። አንድ ቦታ ላይ «ዝዝዝ» ካለ ኮይሉ እየነካ ነው፣ ወይም ውስጡ ቆሻሻ ገብቷል። ሁለት ከገዛችሁ ሁለቱን አወዳድሩ። የኋላ ክዳኑን ማስከፈት ከቻላችሁ ደግሞ ዲያፍራሙ ላይ የጣት ስርጉድና ስንጥቅ ፈልጉ። እኔ አንዴ ስከፍት ዲያፍራሙ በማስቲሽ ተለጥፎ አገኘሁት። ሻጩ ራሱ ደንግጦ ሳቀ።