የዕለት ልማድን ሥር ማስያዝ የሚቻለው እንዴት ነው?

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ማለዳ 12 ሰዓት ላይ የሚራመደውና ሶምሶማ የሚሮጠው ሰው በመስከረም ወር ብዙ ነው፤ ኅዳር ሲገባ ግን ሲሳሳ አያለሁ። ይህን የጽናት ማነስ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ እኔ ግን ልማድ ለመትከል ስሞክርና ሌሎችም ሲሞክሩ ስመለከት የተረዳሁት ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው የጀመረውን የሚተወው አዲሱን ተግባር ከየትኛው የዕለት ድርጊቱ ጋር እንደሚያያይዘው ሳይወስን ስለሚጀምር ነው። ስለዚህ ከሚከተሉት ደረጃዎች ሁለተኛውን አስፍቼ አቀርበዋለሁ፤ እርሱ በትክክል ከተሠራ የቀሩት ብዙ አያስቸግሩም።

1. አንድ ተግባር ብቻ ይምረጡ

ንባብን፣ ስፖርትን፣ ቁጠባንና ማልዶ መነሣትን በአንድ ሰኞ መጀመር አራቱንም ያሳጣል። አንዱን ይምረጡና ማታ ላይ «አድርጌዋለሁ» ወይም «አላደረግሁትም» ብለው ያለ ጥርጥር ሊመልሱለት በሚችሉበት መልክ ይጻፉት። «ጤናዬን እጠብቃለሁ» ምኞት ነው፤ «10 ደቂቃ በእግሬ እሄዳለሁ»፣ «ሁለት ገጽ አነባለሁ»፣ «የዛሬን ወጪ በደብተር እጽፋለሁ» ግን ተግባራት ናቸው። መጠኑ እጅግ በደከሙበት ቀን እንኳ የሚቻል ይሁን።

2. ተግባሩን የሚያስጀምረውን ድርጊት ይወስኑ

አንድን ነገር በአንድ ዓይነት ሁኔታ ደጋግመን ስንፈጽመው፣ ከጊዜ በኋላ ሁኔታው ራሱ ድርጊቱን መቀስቀስ ይጀምራል፤ ልማድ የምንለውም ይኸው ነው። ጫማ አውልቆ ወደ ቤት የመግባት ልማድ ያለው ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ ላውልቅ ወይስ አላውልቅ እያለ አይመክርም። አዲስ ልማድ ስንተክልም የምንፈልገው እንዲህ ያለ ደጃፍ ነው፤ ማለትም ዛሬም ቢሆን ሳናስበው በየቀኑ የምንፈጽመው፣ አዲሱን ተግባር ከኋላው የምናስከትልበት ድርጊት። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳብራራው፣ «ይህ በሆነ ጊዜ ያንን አደርጋለሁ» ብሎ ጊዜውንና ቦታውን አስቀድሞ የወሰነ ሰው፣ «አደርገዋለሁ» ብሎ ብቻ ካሰበ ሰው ይልቅ ያሰበውን የመፈጸም ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ችግሩ ያለው ምርጫው ላይ ነው። ብዙዎች በመጀመሪያ የሚመርጡት ሰዓትን ነው፤ «ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ» ይላሉ። ሰዓት ግን እንደ ደጃፉ ፊታችን አይቆምም፤ ሳናየው ያልፋል። የስልክ ማንቂያ ደግሞ ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ባትሪው ካለቀ አይጮኽም፤ ቢጮኽም ልጅ እያለበሱ ወይም ምጣድ ላይ ቆመው ሊያገኝዎት ይችላል። ያን ጊዜ አጥፍተውት ያልፋሉ፤ ይህ ሲደጋገም ደግሞ ድምፁን ሰምቶ ማለፍ ራሱ ልማድ ይሆናል።

ከሰዓት ቀጥሎ የሚመረጠው ቁርስ ነው። እኔም ንባቤን ያያያዝኩት ከቁርስ ጋር ነበር፤ ሁዳዴ ሲገባ ግን ቁርስ ቀረ፣ ንባቡም አብሮ ቀረ። የኦርቶዶክስ ጾም የሚጾም ሰው ከ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ሌላ ረቡዕንና ዓርብን ማሰብ አለበት፤ ሙስሊም ወንድሞችና እኅቶችም በረመዳን የምግባቸው ሰዓት ፈጽሞ ይለወጣል። ስለዚህ የሚጾም ሰው ልማዱን ከምግብ ጋር ባያስር እመክራለሁ። በአንጻሩ ጸሎት ጥሩ መነሻ ነው፤ በየቀኑ የማይቋረጥ የጠዋት ጸሎት ያለው ሰው ከዚያ የተሻለ መነሻ አያስፈልገውም።

ቡናን በሚመለከት አስተያየቴ ለሁለት ይከፈላል። በየቀኑ ቡና በሚፈላበት ቤት፣ ጀበናው እሳት ላይ ከተጣደ እስከ አቦል ድረስ ያለው ጊዜ ለሁለት ገጽ ንባብ የተመቸ ነው። ነገር ግን ጎረቤት ተሰብስቦ በሚጠጣበት ቤት ልማዱን «ከቡና በኋላ» ማድረግ አያዋጣም፤ ጨዋታው የሚያልቅበት ጊዜ አይታወቅም፣ በረካ ሳይጠጡ መነሣትም ነውር ነው።

በፈረቃ የሚሠሩ ሰዎች የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጨምሮ በፋብሪካዎች፣ በሆስፒታሎችና በሆቴሎች የሚሠራ ሰው አንድ ሳምንት ጠዋት፣ በሌላው ማታ ሊገባ ስለሚችል «ጠዋት» የሚለው ቃል ለእርሱ ቋሚ ትርጉም የለውም። ለእንዲህ ያለ ሰው የሚበጀው ከእንቅልፍ መነሣቱን ወይም ከሥራ ገብቶ ልብስ መቀየሩን መነሻ ማድረግ ነው። ፈረቃው ቢለዋወጥም ሁለቱም አይቀሩም።

የመረጡት ድርጊት የሚበጅ መሆኑን ለማወቅ ሦስት ነገሮችን ይመርምሩ። በመጀመሪያ፣ እሑድንና የጾም ቀንን ጨምሮ በየቀኑ የሚፈጸም መሆን አለበት። ከዚያም ማለቂያው የሚታይ ይሁን፤ «ፊቴን ከታጠብኩ በኋላ» ከማለት ይልቅ «ፎጣውን እንደሰቀልኩ» ማለት ይሻላል፣ ምክንያቱም ፎጣው የሚሰቀልበት ቅጽበት አንድ ብቻ ነው። በመጨረሻም አዲሱ ተግባር በሚፈጸምበት ቦታ ወይም በአቅራቢያው የሚሆን መሆን አለበት፤ መኝታ ቤት ውስጥ የተወሰነ ነገር ሳሎን እስኪደረስ ድረስ ይረሳል። ሦስቱን ያላሟላ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ቢወዱት ይተዉትና ሌላ ይፈልጉ። በዚህ ምርጫ ላይ ሁለትና ሦስት ቀን ማጥፋት ኪሳራ አይደለም። ከወሰኑ በኋላ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት፦ «ፎጣውን እንደሰቀልኩ ጫማዬን አጥልቄ 10 ደቂቃ በእግሬ እሄዳለሁ»።

3. ዕቃውን በዋዜማው ያዘጋጁ

ጫማው በር ሥር፣ መጽሐፉ ትራስ ላይ፣ ደብተሩ ከነእስክርቢቶው ጠረጴዛ ላይ ይደር።

4. ለሚታወቁ እንቅፋቶች ምትክ ይወስኑ

ክረምት መዝነቡ፣ እንግዳ መምጣቱ፣ ማታ መብራት መጥፋቱ ድንገተኛ ነገሮች አይደሉም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው አስቀድሞ መልስ ሊኖር ይገባል። ዝናብ ከጣለ እግር ጉዞው በረንዳ ላይ ወይም ሳሎን ውስጥ ይሁን፤ መብራት ከጠፋ ንባቡ ከሁለት ገጽ ወደ አንድ አንቀጽ ዝቅ ብሎ በሻማ ብርሃን ይፈጸም። የምትኩ ዓላማ ያመለጠውን ለማካካስ አይደለም፤ በመነሻው ድርጊትና በአዲሱ ተግባር መካከል ያለው ትስስር እንዳይላላ ለማድረግ ነው። ለዚህም ነው ትንሿ ምትክ በዚያው ቅጽበት ብትፈጸም፣ ሙሉው ተግባር ማታ በሌላ ሰዓት ከሚፈጸም ይልቅ የምመርጣት።

ጎረቤት «ኑ ቡና ጠጡ» ሲል እምቢ ማለት አያስፈልግም። ማለዳ ላይ ያለ ልማድ ከግብዣ ጋር ስለማይጋጭ፣ አማራጭ ላለው ሰው ጠዋትን እመክራለሁ።

5. በግድግዳ ካላንደር ላይ ምልክት ያድርጉ

ለዚህ ሥራ የስልክ መተግበሪያዎችን አልወድም። ምልክት ለማድረግ የተከፈተ ስልክ ወደ ቴሌግራምና ወደ ቲክቶክ ይወስዳል፤ ደግሞም ስልኩ ሲዘጋ ምልክቱ ከዓይን ይሰወራል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የወረቀት ካላንደርና አንድ እስክርቢቶ ይበቃሉ። የእኛ አቆጣጠር ለዚህ የተመቸ ነው፤ ከጳጉሜን በስተቀር እያንዳንዱ ወር 30 ቀን ስለሆነ አንዱን ወር ከሌላው ጋር ለማስተያየት ስሌት አያሻም።

ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ አስቀድሞ ማወቅም ተስፋ ከመቁረጥ ያድናል። ልማድ በ21 ቀን ይተከላል የሚለው አባባል በሰፊው ይነገራል፤ ነገር ግን የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ፈቃደኞችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለው ያገኙት ውጤት ይህን አይደግፍም። በእነርሱ ስሌት መሠረት አንድ ተግባር ሳያስቡት የሚፈጸም እስኪሆን እንደ ሰውየውና እንደ ተግባሩ ከ18 እስከ 254 ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ መካከለኛው 66 ቀን ነው። ይህን በእኛ ካላንደር ብናየው፣ መስከረም 1 ከጀመሩ ሰዎች ፈጣኑ መስከረም 18፣ መካከለኛው ኅዳር 6፣ ዘገምተኛው ግንቦት 14 ይደርሳል ማለት ነው። በሐይቁ ዳር ሰው የሚሳሳው ልክ መካከለኛው ሰው ፍሬውን ሊያይ በተቃረበበት ወቅት መሆኑ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ውኃ እንደ መጠጣት ያለ ቀላል ተግባር ከአካል እንቅስቃሴ ይልቅ ቶሎ ሥር ይይዛል፤ ስፖርት የመረጠ ሰው ረዘም ያለ ጊዜ ይስጠው።

ይኸው ጥናት አንድ ቀን ማለፍ የልማዱን ዕድገት ይህን ያህል እንደማይጎዳ አሳይቷል። ባዶ የቀረውን ቀን እንዳለ ይተዉት፤ በማግስቱ እጥፍ ለመሥራት መሞከር ድካምን ስለሚያመጣ ሦስተኛውን ቀን ያስቀራል።

6. ከረጅም መቋረጥ በኋላ

ሕመም፣ የቤተ ሰብ ሐዘን ወይም ለበዓል ወደ አገር ቤት መሄድ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊያቋርጥ ይችላል። ሲመለሱ ካቆሙበት መጠን ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ከጻፉት ትንሹ መጠን ይጀምሩ፤ መነሻውን ድርጊት ግን አይቀይሩ። ቤት ለቀው ከሆነ፣ ወይም ሥራ ከቀየሩ፣ የድሮው መነሻ ከድሮው ቦታ ጋር ስለሚቀር ሁለተኛውን ደረጃ እንደ አዲስ መሥራት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ ልማድ የሚጨመረው የመጀመሪያው ሳይታሰብ መፈጸም ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ አዲስ መነሻ መፈለግ አያስፈልግም፤ ከእግር ጉዞ ተመልሰው ጫማዎን ሲያወልቁ፣ ያ ማውለቅ ለሁለቱ ገጽ ንባብ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ መጽሐፉም በዋዜማው ከጫማው ማስቀመጫ አጠገብ ይቀመጣል።