የጥንት ቱርኮችን የትውልድ ተረት እንዴት እናንብብ?

ብዙዎቻችን ቱርኮችን የምናውቃቸው ከኦቶማኖች ወዲህ ነው፤ አለዚያም በአማርኛ ከተተረጎሙት ድራማዎች። የመጀመሪያው ታሪካቸው ግን ከኢስታንቡል በጣም ይርቃል፤ ሞንጎልያና የአልታይ ተራሮች ነው ያለው። ስለዚያ ዘመን ማንበብ ስትጀምሩ ተረቱ በአንዴ ይጎርፍባችኋል። ተኩላ፣ ዋሻ፣ የብረት ተራራ፣ ሁሉም እንደ አንድ ታሪክ ተሰፍቶ። ስፌቱን መፍታት ነው ሥራችሁ።

ራሳቸው ከጻፉት ጀምሩ። ሞንጎልያ ውስጥ ኦርኾን ሸለቆ ላይ የቱርኩ መስፍን የኩል ቴጊን ሐውልት አለ፣ በ732 የቆመ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አጠገቡ ደግሞ የወንድሙ የቢልጌ ካጋን፣ 735 («ካጋን» የቱርኮቹ ንጉሥ ማዕረግ ነው)። ጽሑፉን የፈታው ዴንማርካዊው ቪልሄልም ቶምሰን ነው፣ በ1893። ሐውልቱ ስለ ትውልድ የሚለው አጭር ነው፦ ከላይ ሰማያዊው ሰማይ፣ ከታች ቡናማው ምድር ሲፈጠሩ በመካከላቸው የሰው ልጅ ተፈጠረ፤ በሰው ልጅ ላይም አባቶቻችን ቡሚንና ኢስተሚ (የመጀመሪያውን የቱርክ መንግሥት የመሠረቱት ወንድማማቾች) ነገሡ። በቃ። ተኩላ የለም!

ታዲያ ተኩላዋ ከየት መጣች? ከቻይናዎች መዝገብ። በ7ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የዡ ሥርወ መንግሥት ታሪክ እንዲህ ይላል፦ ጠላት ነገዱን በሙሉ ፈጀው፤ የቀረው የ10 ዓመት ልጅ ብቻ ነበር፤ እግሩን ቆርጠው ረግረግ ውስጥ ጣሉት፤ አንዲት ተኩላ ሥጋ እያመጣች አሳደገችው፤ ኋላም ከእሱ አረገዘች፣ ከቱርፋን (በዛሬዋ ምዕራብ ቻይና) በስተሰሜን ወዳለ ተራራ ሸሽታ ዋሻ ውስጥ 10 ወንዶች ልጆች ወለደች። የነገሥታቱ ዘር አሺና ከነሱ ከአንዱ ይመዘዛል።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ያው መጽሐፍ ከዚህ የተለየ ሌላ የትውልድ ታሪክም ጎን ለጎን ይተርካል፤ ያኔም ተረቱ አንድ አልነበረም ማለት ነው። «እንግዲያው ቻይናዎች ፈጥረውት ነው» ብላችሁም አትዝጉት። ባንዲራቸው ጫፍ ላይ የወርቅ ተኩላ ራስ እንደነበረና የካጋኑ ዘበኞች «ተኩላ» ተብለው ይጠሩ እንደነበር እዚያው ተጽፏል። ተኩላዋን ቤተ መንግሥቱ ራሱ ያከብራት ነበር።

ቀጥሎ ተረቱ ውስጥ እውነተኛ ሕይወት የቱ ጋ እንደገባ ፈልጉ። እኔ ከሁሉ የምወደው ይኼን ነው። የቻይናዎቹ መዝገብ እንደሚለው ቱርኮቹ በአልታይ፣ ያኔ ሞንጎልያን ይገዙ ለነበሩት ለሩራኖች ብረት ይሠሩ ነበር። ቡሚን የሩራኑን ገዢ የአናጉይን ልጅ ለትዳር ሲጠይቅ «አንተ ብረት ቀጥቃጭ ባሪያዬ!» የሚል መልስ መጣበት። በ552 ጦር አዝምቶ ድል አደረገው፣ አናጉይም ራሱን አጠፋ። ብረቱ ወሬ ብቻ እንዳልነበረ ደግሞ በሌላ በኩል ማየት ይቻላል፤ በ560ዎቹ መጨረሻ ወደ ኢስተሚ የተላከው የቢዛንታይኑ መልእክተኛ ዘማርኮስ አገሩ ሲደርስ ቱርኮቹ ብረት ግዛ ብለው ቀርበውታል። ቻይናም ቢዛንታይንም ስለ ብረቱ ከተናገሩ ልታምኑት ትችላላችሁ።

ኤርገነኮንን መጨረሻ አድርጉት። ተራሮች መሀል ተዘግተው የኖሩ ሰዎች በ70 ወናፍ የብረቱን ተራራ አቅልጠው ወጡ የሚለው ማለት ነው። በጣም የታወቀው እሱ ነው፣ ግን የጻፈው ፋርሳዊው ታሪክ ጸሐፊ ራሺድ አድዲን ነው፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ያውም የሞንጎሎች ታሪክ ብሎ። ከቡሚን ወደ 750 ዓመት ይርቃል። እሱ ጋ መንገድ እየመራች የምታወጣ ተኩላም የለችም። ተኩላዋና የብረቱ ተራራ አብረው ከመጡላችሁ፣ የያዛችሁት በኋላ የተሰፋውን ነው።