ጥፋቱ የሱቁ ሲሆን፦ ለድሬዳዋ ነጋዴ የይቅርታ አጠያየቅ

አንዲት የሳቢያን ደንበኛ መጋላ ወርዳ ቬንትሌተር ትገዛለች። ማታ ስትሰካው አይዞርም። በድሬ ሙቀት ያ ሌሊት እንዴት እንደሚነጋ ለድሬ ሰው አይነገርም። ጠዋት ስትደውል ብዙ ሱቅ የሚመልሰው «አቦ ችግር የለውም፣ አምጪውና እናየዋለን» ብሎ ነው። ችግሩማ አለ፤ ያለው ግን እሷ ቤት ነው። ዕቃውን ተሸክማ፣ የባጃጅ ከፍላ፣ ሥራዋን ትታ እንድትመጣ መጠየቅ ሁለተኛ ጥፋት ነው።

መጀመሪያ አጣሩ፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ደረሰኙን እዩ፣ ዕቃውን ያስረከበውን ልጅ ጠይቁ። ጉዳዩ ሁለቴ የተከፈለ ሂሳብ ከሆነ የቴሌብሩን የግብይት ቁጥር ከስልካችሁ ጋር አመሳክሩ። ማጣራቱ ከረዘመ «እያየነው ነው፣ 11 ሰዓት ላይ እደውላለሁ» በሉ። 11 ሰዓት ሲሆን አዲስ ነገር ባይገኝም ደውሉ።

የሚደውለው ባለቤቱ ወይም ኃላፊው ይሁን። ከምሳ በኋላ ግን አትደውሉ፤ ከተማው ጋደም ያለበት ወይም በርጫ ላይ የተቀመጠበት ሰዓት ነው፤ ያኔ የተደወለ ይቅርታ ሌላ ይቅርታ ያስፈልገዋል። ደንበኛው በሶማልኛ ወይም በኦሮምኛ የሚቀለው ከሆነ ቋንቋውን የሚችል ሠራተኛ ያነጋግረው።

ንግግሩ ሦስት ነገር ይያዝ፦ ምን እንዳጠፋችሁ፣ ምን እንዳደረሰባት፣ ምን በስንት ሰዓት እንደምታደርጉ። ለምሳሌ፦

«ትናንት ቬንትሌተሩን ሳንሞክር ነው የሰጠንሽ፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ሌሊቱን በሙቀት አሳደርንሽ፣ ይቅርታ። አዲሱን ሞክረን እስከ 5 ሰዓት ልጁ ቤትሽ ያደርስልሻል፣ የተበላሸውን እሱ ይመልሰዋል። ገንዘብሽን ከመረጥሽም አሁኑኑ እልክልሻለሁ። የቱ ይሻልሻል?»

«ካስቀየምንሽ ይቅርታ» አትበሉ፤ መቀየሟን እንደመጠራጠር ነው። «ለተፈጠረው መጉላላት» የሚለውም የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ነው፤ ያጉላላው ሰው የለበትም። «አስመጪው ነው ጉድ የሠራን» የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ እሷ ግን ገንዘቧን የሰጠችው ለእናንተ ነው። ሁልጊዜ «አንቺ» የምትሏትን ደንበኛም ለይቅርታ ብላችሁ ድንገት «እርስዎ» አትበሏት፤ ድሬ ላይ እንዲህ ያለው አክብሮት ቅዝቃዜ ይመስላል።

ካሳው ላይ አትሽኮርመሙ። ያስወጣችኋትን ሁሉ መልሱ፤ የባጃጁም ደርሶ መልስ ይቆጠራል። ገንዘቡ በገባበት መንገድ በዕለቱ ይመለስ፦ በቴሌብር ከሆነ በቴሌብር፣ በእጅ ከሆነ በእጅ። «በሚቀጥለው ስትገዢ እንቀንስልሻለን» ካሳ አይደለም፤ ያላመነችው ሱቅ ተመልሳ እንድትገዛ ማስገደድ ነው። ቅናሹን ከፈለጋችሁ በላዩ ጨምሩት። ለነገሩ ግዴታም አለባችሁ፦ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው የግድግዳ ጽሑፍ ይህን አያስቀረውም።

ሆድ ያሳመመ ምግብ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይለያል። በመጀመሪያ የሰውየውን ጤና ጠይቁ፣ የሕክምናውን ወጪ ቻሉ፣ ከዚያው ድስት ወይም ትሪ የቀረውን ሽያጭ ወዲያው አቁሙ። ስለ ሂሳቡ ከዚያ በኋላ ይወራል።

ሠራተኛውን ደንበኛ ፊት መውቀስ ደግሞ ይቅርታውን ወደ ጠብ ይለውጠዋል፤ ደንበኛዋም ልጁን ያስባረረች ይመስላታል። ከእሱ ጋር ያላችሁን ጉዳይ ሱቅ ስትዘጉ ጨርሱ።

ቅሬታው ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ላይ ከወጣ አንድ አጭር መልስ እዚያው ጻፉ፦ ጥፋታችሁን፣ ያደረጋችሁትን። የቀረውን በስልክ ጨርሱ። አስተያየቱን አታጥፉ፤ ፎቶ ያነሳው ሰው አይጠፋም። ዘመድ ሰብስቦ «ምርጥ ሱቅ ነው» ማስባልም ያው ያስነቃል።

በሦስተኛው ቀን «እየሠራ ነው?» ብላችሁ አንዴ ደውሉ። ደብተር ላይ ቀኑን፣ ዕቃውን፣ ምክንያቱንና የወጣውን ብር መዝግቡ። አንድ ምክንያት ሲደጋገም አሠራሩ ይቀየር፦ ቬንትሌተር ከሱቅ ከመውጣቱ በፊት ደንበኛው ፊት ተሰክቶ በሁሉም ፍጥነት ለ10 ደቂቃ ይዙር፣ አንገቱም ግራ ቀኝ መሄዱ ይታይ።