ዳገት ላይ የደከመ አሮጌ ሞተር ሳይክል ካላችሁ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጡ አሮጌ ሞተራችሁ እንደ ድሮው አልጎትት ካለ፣ ካርቡራተር ከመነካካታችሁ በፊት የታይሚንግ ካቴናውን፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ ሆኖ ቫልቮቹ (የአየርና የጭስ መግቢያ መውጫ በሮቹ) በሰዓቱ እንዲከፈቱ የሚያደርገውን ሰንሰለት ፈትሹ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች ከፍታው ራሱ ጉልበት ይቀንሳል። ካቴናው ከረዘመ ደግሞ ቫልቮቹ ዘግይተው ስለሚከፈቱ ዳገቱ ይብሳል።

ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሱትና በሚኒሞ (ጋዝ ሳትሰጡ) እየሠራ ካቴናው ባለበት ጎን የሚንቀጫቀጭ ድምፅ እንዳለ አዳምጡ። የካቴናው መወጠሪያ ተስተካክሎም መንቀጫቀጩ ካልጠፋ ካቴናው አልቋል ማለት ነው።

ተለጠጠ እንላለን እንጂ ብረቱ አይለጠጥም፤ በየመጋጠሚያው ያለው ፒን እየተበላ ነው የሚረዝመው። የረዘመ ካቴና የሚዞርባቸውን ባለ ጥርስ መዘውሮች፣ ስፕሮኬቶቹንም ይበላቸዋል። በተለይ የታችኛው ትንሹ፣ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) አንዴ ሲዞር እሱ ሁለቴ ስለሚዞር፣ ቀድሞ ያልቃል። እኔ ገንዘብ ላድን ብዬ አዲስ ካቴና በአሮጌ ስፕሮኬት ላይ አስገጥሜ በሁለት ወሩ ድምፁ ተመለሰ። ሲፈታ ጥርሶቹ እንደ ማጭድ ወደ አንድ ጎን ጎብጠዋል። እባካችሁ ካቴናውንና ሁለቱን ስፕሮኬቶች አንድ ላይ ቀይሩ፤ የዘይት መቀየሪያ ጊዜም አታሳልፉ።

ሆንዳ ሲጂ 125 የያዛችሁ ግን ይህ አይመለከታችሁም፤ ቫልቮቹ የሚገፉት በዘንግ ስለሆነ ታይሚንግ ካቴና የለውም።